የኳስ ጌሞች፦ የወረደው የቱ ነው፣ የተሻሻለውስ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሁለቱ የኳስ ጌሞች ናቸው፤ ስለ ኮናሚው ፔስ (ዛሬ ኢፉትቦል ይባላል) እና ስለ ኢኤው ፊፋ (ዛሬ ኤፍሲ ይባላል)። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ፔስ 5ንና ፔስ 6ን ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ እየጠበቅን ነው ያደግነው። አሁን ኢፉትቦልን ስከፍት ጭራሽ ሌላ ጌም ይሆንብኛል። ጓደኞቼ «ትዝታ ነው የሚያታልልህ» ይሉኛል። እውነት ጨዋታው ወርዷል ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት? *(ከሐዋሳ)*

መልስ፦ ወርዷል። ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን በጣት መጠቆም ባልተቻለ ነበር። ፔስ 6ን ዛሬ አስነሳና አንዲት ነገር ብቻ ተመልከት። ከመሀል ሜዳ ለአጥቂህ ጠንከር ያለ ኳስ ስጠው። ኳሷ እግሩ ላይ ተለጥፋ አትቀርም። ቴክኒኩ ዝቅ ያለ ተጫዋች ከሆነ አንድ ሁለት እርምጃ ታመልጠዋለች፤ ተከላካዩም የሚነጥቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ለጎሉ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀበለ ተጫዋች ለመዞር ጊዜ ይወስድበታል፤ ስለዚህ ኳሱ ከመድረሱ በፊት ማሰብ ግድ ይልሃል። በጌሙ ሽፋን ላይ የወጣው አድሪያኖ ደግሞ በግራ እግሩ አመቻችቶ ከሳጥን ውጪ ሲመታ በረኛው ብዙ ጊዜ ቆሞ ነው የሚያየው፤ ያንኑ ኳስ በቀኝ እግሩ ስትሞክር ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ተጫዋቾቹ በፊታቸው ብቻ ሳይሆን በአሯሯጣቸውና በአመታታቸው ይለያዩ ነበር። ፔስን ፔስ ያደረገው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ጉድለት አልነበረውም ማለታችን አይደለም። የተጫዋቹ እንቅስቃሴ በ8 አቅጣጫ የተወሰነ ነበር። የፔስ 5 ዳኛ ትከሻ ለትከሻ በተነካካ ቁጥር ፊሽካውን ይነፋል። በፔስ 6 ከእንግሊዝ ክለቦች በትክክለኛ ስማቸው የገቡት አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ብቻ ነበሩ፤ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ተብሎ ነው የተቀመጠው። የጀርመን ሊግ ጭራሽ አልነበረም።

መውረዱ የጀመረው ማሽን ሲቀየር ነው። በ2007 (ቀንና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ፔስ 2008 በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ምስሉ ይቆራረጥ ነበር፤ በዚያው ዓመት ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው ግን በድሮው መሠረት ላይ የተሠራ ስለነበር ያለ ችግር ይሄዳል። ኮናሚ ቀስ በቀስ አስተካክሎ ፔስ 2013 ላይ ሲደርስ ጨዋታው በእግሩ ቆመ። ወዲያው በፔስ 2014 ወደ ፎክስ ኢንጂን (ኢንጂን ማለት ጌሙ የሚሠራበት የሶፍትዌር መሠረት ነው) ዞረና ሲወጣ ዝናብ እንኳ አልነበረውም፤ ለፕሌይስቴሽን 4ም አልወጣም። ከፔስ 2017 እስከ 2019 ድረስ እንደገና ተነሳ። ከዚያ ፎክስ ኢንጂን ተትቶ በአንሪያል ኢንጂን የተሠራው ኢፉትቦል 2022 በመስከረም 30, 2021 ሲለቀቅ የነበሩት ክለቦች 9 ብቻ ነበሩ፤ ማስተር ሊግ (ክለብ ይዘህ ለብዙ የውድድር ዘመን የምትመራበት ክፍል) የለም፤ የተጫዋቾቹ ፊት እየተጣመመ ያስደነግጥ ነበር። በስቲም (የኮምፒዩተር ጌሞች የኦንላይን መደብር) ላይ በተጫዋቾች ዘንድ ከፍተኛ ውግዘት ከደረሰባቸው ጌሞች አንዱ ሆነ። ሥሪት 1.0 የመጣው በሚያዝያ 2022 ነው፤ ከግማሽ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ኢንጂን ሲቀየር የሚለወጠው የሣሩ ቀለም አይደለም። የተጫዋቹ አረማመድ፣ የኳሱ ክብደት፣ ኮምፒዩተሩ ቦታ የሚይዝበት መንገድ፣ ሁሉም እንደገና ይሠራል። የዓመቱ ቀነ ገደብ ደግሞ አይጠብቅም። ፊፋም ከዚህ አላመለጠም፤ በ2005 ለኤክስቦክስ 360 የወጣው የመጀመሪያው ፊፋ ብሔራዊ ቡድኖች ብቻ ነበሩት፣ አንድም ክለብ አልነበረውም። የ360 ዲግሪ ድሪብል የመጣው በፊፋ 10 ነው፤ ማሽኑ ከተለመደ በኋላ። ስለዚህ በአዲስ ማሽን ወይም በአዲስ ኢንጂን የወጣውን የመጀመሪያ እትም አትግዛ። ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ለፕሌይስቴሽን 2 «ፔስ 2025» ተብሎ የሚሸጥ ሲዲ ገዛሁ። ኦሪጅናል ነው? ስከፍተው ደግሞ የተጫዋቾቹ ስም የድሮው ነው። *(ከጅማ)*

መልስ፦ ኮናሚ ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው የመጨረሻው ፔስ 2014 ነው፤ እሱም በ2013 መጨረሻ። ከዚያ በኋላ የአዲስ ዓመት ቁጥር ተለጥፎበት የሚሸጠው ሁሉ ፔስ 6ን ወይም ሌላ የቆየ እትም ወስደው አድናቂዎች ስምና ማሊያ የቀየሩበት ነው። ጨዋታው ያው የድሮው ስለሆነ መጥፎ ነው አንልም፤ የአዲስ ጌም ዋጋ ግን አይከፈልበትም። ስሙ የድሮ የሆነው በሚሞሪ ካርድህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ፔስ ሲነሳ ካርዱ ላይ ያለውን ኦፕሽን ፋይል (የስምና የማሊያ ለውጥ የሚቀመጥበትን) ራሱ ይጭነዋል፤ የድሮው ፋይል ካርዱ ላይ ካለ የሲዲውን አዲስ ስም ይሸፍነዋል። ካርዱን ነቅለህ አስነሳ። ስሙ ከተስተካከለ የድሮውን ኦፕሽን ፋይል አጥፋው ወይም ሌላ ካርድ ተጠቀም። ማስተር ሊግህን ግን ሳታስበው አብረህ እንዳታጠፋ፤ የተቀመጠው ለብቻው ነውና ስሙን አይተህ ለይ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ በየዓመቱ አዲሱን የኳስ ጌም ግዙልኝ ይላል። ስሙ ከፊፋ ወደ ኤፍሲ ተቀየረ እንጂ ለእኔ አንድ ነው የሚመስለኝ። በዚያ ላይ ካርዴ ላይ ትንንሽ ክፍያዎች አያለሁ። *(ከሜሪላንድ)*

መልስ፦ የስሙ መቀየር የውል ጉዳይ ነው። ኢኤ ከፊፋ ጋር የነበረው ስምምነት ስላበቃ ፊፋ 23 የመጨረሻው ሆነ፤ በመስከረም 2023 ኤፍሲ 24 ተተካ። ሠሪው ያው ነው። በየዓመቱ ጨዋታውን በእውነት የሚለውጥ ነገር አይመጣም። ከመጡት ውስጥ ፊፋ 12 መከላከልን ከመሠረቱ ቀየረው፤ ቁልፍ ተጭኖ ኳስ መንጠቅ ቀረና መጠበቅና ጊዜ መምረጥ ተጀመረ። ፊፋ 17 በኢንጂን ለውጥ መጣ። በመካከል ያሉት አብዛኞቹ የስም ዝርዝርና የማሊያ እድሳት ናቸው።

ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው አልቲሜት ቲም የሚባለውን ክፍል ነው። በመጋቢት 2009 በፊፋ 09 ላይ እንደ ተጨማሪ መጣ፤ ዛሬ የጌሙ ዋና የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። ልጁ በገንዘብ በሚገዛ ነጥብ የተጫዋቾች ፓኬት ይገዛል፤ ውስጡ የትኛው ተጫዋች እንዳለ ሳይከፍት አያውቅም። ቤልጅየም ይህን ቁማር ነው ብላ ስለያዘችው ኢኤ ከጥር 2019 መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ነጥብ መሸጥ አቁሟል። ከሁሉም የሚያሳዝነን ግን ልጁ ዓመቱን ሙሉ የሰበሰበው ቡድን ወደሚቀጥለው እትም አለመሻገሩ ነው። በመስከረም ከዜሮ ይጀምራል። በየዓመቱ የሚወተውትዎትም ለዚህ ነው፤ ጓደኞቹ ወደ አዲሱ ሲሄዱ አሮጌው ውስጥ የሚገጥመው ሰው ይጠፋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጫወተው ካሪየር (ብቻውን ክለብ ወይም ተጫዋች ይዞ የሚጫወትበት ክፍል) ነው ወይስ አልቲሜት ቲም ብለው ይጠይቁት። ካሪየር ከሆነ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ መግዛት ይበቃል። አልቲሜት ቲም ከሆነ በመስከረም በሙሉ ዋጋ አይግዙ፤ በኅዳር መጨረሻ የቅናሽ ሰሞን ዋጋው በብዛት ይወርዳል። በፕሌይስቴሽን ላይ ደግሞ ለልጁ የልጅ አካውንት ይክፈቱለትና በሴቲንግስ ውስጥ የቤተሰብ ቁጥጥር ከሚለው ገብተው የወር ወጪውን 0 ያድርጉት። ልጁ የሚጫወተው በእርስዎ አካውንት ከሆነ ይህ ገደብ አይሠራም፤ ክፍያዎቹም እየመጡ ያሉት በዚሁ መንገድ ሊሆን ይችላል። ያለው ኔንቴንዶ ስዊች ከሆነ ደግሞ ከፊፋ 20 እስከ 23 «ሌጋሲ» የተባሉት ከማሊያና ከስም በቀር ምንም ያልተጨመረባቸው ናቸው፤ አንዱ ካለዎት ሌላውን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ጥያቄ፦ ኤፍሲ ላይ ካሪየር ስጫወት ማች ሁሉ ሩጫ ብቻ ሆነብኝ። ማረጋጋት ይቻላል? *(ከአዳማ)*

መልስ፦ ይቻላል፤ ስላይደር የሚባሉት (በሴቲንግስ ውስጥ ቁጥራቸውን ከፍና ዝቅ የምታደርጋቸው ማስተካከያዎች) ለዚህ ነው የተቀመጡት። ሁሉም 50 ላይ ነው የሚጀምሩት፤ ለአንተና ለኮምፒዩተሩ ለየብቻ ናቸው። አክስለሬሽንን ለሁለቱም 45 አድርገው። የፓስ ስህተትን ወደ 58፣ የፓስ ፍጥነትን ወደ 46 ውሰድ። ስፕሪንትን ከ48 በታች አታውርደው፤ ፈጣንና ዘገምተኛ ተጫዋች አንድ ይሆኑብሃል። የግማሽ ሰዓቱን ርዝመት ከ6 ወደ 8 ደቂቃ ከፍ አድርግ። ሁሉንም በአንዴ አትቀያይር፤ አንዱን ነክተህ 3 ማች ተጫወት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ። ኦንላይን ላይ ግን አይሠራም።

ጥያቄ፦ ደሴ ላለው የእህቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን 4 ልልክለት ነው። ኢንተርኔቱ ደካማ ነው። የትኛውን ጌም ልግዛለት? *(ከዱባይ)*

መልስ፦ በሲዲ ይግዙለት። ኢትዮጵያ የሶኒ የኦንላይን መደብር ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ የመደብር ካርድ ደግሞ በተገዛበት አገር አካውንት ላይ ብቻ ስለሚሠራ የዱባይ ካርድ ልከው ልጁ አይሆንልኝም ቢል አይገረሙ። ኢፉትቦል ነጻ ቢሆንም ያለ ኢንተርኔት ዋጋ የለውም። እኛ የምንመርጠው ፔስ 2021ን ነው፤ ማስተር ሊጉ ሙሉ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሄዳል፣ ያገለገለ ሲዲው ርካሽ ነው።

ፈቃድ የሌላቸውን ክለቦች ስምና ማሊያ ለማስተካከል ኦፕሽን ፋይል ያስፈልጋል። ሳይልኩት በፊት እዚያው ቢጨርሱት ይሻላል። መጀመሪያ ጌሙን እስከ መጨረሻው ዳታ ፓክ (ኮናሚ ያወጣው የማሻሻያ ፋይል) አፕዴት ያድርጉ። ፍላሹን በኤክስፋት ወይም በፋት 32 ፎርማት ያድርጉ፤ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ፕሌይስቴሽን 4 አያነበውም። በላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል ደብሊው፣ ኢ፣ ፒ፣ ኢ፣ ኤስ የሚል ፎልደር ይክፈቱና ፋይሎቹን በሙሉ በቀጥታ እዚያ ውስጥ ያስገቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚፕ ሲወጣ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ይሆንና ጌሙ «ፋይል የለም» ይላል። ከዚያ ኤዲት፣ ኢምፖርት፣ ቲም ብለው ሁሉንም ይምረጡ፤ የተጫዋቾቹ ዝርዝር አብሮ እንዲገባና ተመሳሳይ ስም ያለው እንዲተካ የሚሉትን ሁለቱን ምርጫዎች ምልክት ያድርጉ። አስቀድሞ የተጀመረ ማስተር ሊግ ካለ አዲሱ የተጫዋቾች ዝርዝር አይገባበትም፤ እንደ አዲስ ይጀመር። ይህ ሁሉ የፕሌይስቴሽን ነው፤ ኤክስቦክስ የማሊያ ምስል ከፍላሽ አይቀበልም።

ጥያቄ፦ የድሮው ጌም ቁልፍ ስነካ ወዲያው ይታዘዝ ነበር። አዲሱ ይዘገያል። *(ከባሕር ዳር)*

መልስ፦ በጌሙ ከመፍረድህ በፊት ቴሌቪዥንህን እይ። የድሮው ጌም የሚሠራው ከኋላው ሆድ ባለው ቴሌቪዥን ላይ ነበር፤ ያ ምስሉን ምንም ሳያስተካክል ነው የሚያወጣው። ጠፍጣፋው ምስል ለማሳመር ሲል ያዘገያል። በቴሌቪዥኑ የምስል ምርጫ ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን ክፈት፤ ይህ የሚቀመጠው ለእያንዳንዱ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ለየብቻ ስለሆነ ፕሌይስቴሽኑ የተሰካበትን መርጠህ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 ደግሞ ጆይስቲኩ ሁለተኛው ሥሪት ከሆነ (ከመዳሰሻው ላይኛ ጠርዝ ቀጭን ብርሃን የሚታይበት) በሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ ኮንትሮለርስ ገብተህ ግንኙነቱን በዩኤስቢ ገመድ አድርገው። ገመዱ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ከሆነ ምንም ለውጥ አታይም። ይህን ሁሉ አድርገህም ኦንላይን ላይ ብቻ ከዘገየ ችግሩ የኔትወርኩ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት አንድ ማች ተጫውተህ አወዳድር።