ፓድ ታይ እንደ ወጥ አይታረምም

ልጆች፣

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ቤት መጣ። ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ላጤ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ» አለኝ። አየሁለት። አንድ ወጣት ፓድ ታይ የሚባለውን የታይላንድ የሩዝ ኑድል ጥብስ ይሠራል። መጥበሻው ላይ እሳት ያስነሳል፣ ኑድሉን ወደ ላይ ይወረውራል፣ መልሶ ይቀልባል፣ ሳህን ላይ ዘርግፎ ሎሚ ይጨምቅበታል። 40 ሰከንድ አይሞላም።

የእኛው ልጅ ይሄንኑ ሦስት ጊዜ ሞክሯል። ሦስቴም ገንፎ ሆኖበታል። «ምኑ ጋ ነው የተበላሸብኝ?» ይላል። ቪዲዮውን ደግሜ ደግሜ አየሁት። የተበላሸበት ቦታ እዚያ ውስጥ የለም። ቪዲዮው ከመጀመሩ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ያንን አንድ ሰዓት ደግሞ ማንም አይቀርጸውም።

ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

ከ30 ዓመት በላይ በሆቴል ወጥ ቤት ሠርቻለሁ። ስጀምር አባቴ «ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ምን ሊሠራ ነው» ብሎ ስድስት ወር አኩርፎኝ ነበር። በኋላ ዱባይ ሄድኩና 11 ዓመት ቆየሁ። እዚያ አንዲት የታይላንድ ሴት አብራኝ ትሠራ ነበር። ሁላችንም «ፒ» ነበር የምንላት። በእነሱ ቋንቋ በዕድሜ የሚበልጥ ወንድም ወይም እህት የሚጠራበት ነው፤ እኛ ጋሼ፣ እትዬ እንደምንለው። እንግሊዝኛዋ ከእኔም የባሰ ስለነበር የምታስተምረው በእጇ ነው።

ፓድ ታይ ስትሠራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ማየቴ ማወቅ መሰለኝ። አንድ አርብ፣ የእረፍት ቀኔ ነው፣ ስምንት የአገሬን ልጆች ምሳ ጠራሁ። ኑድሉን እንደ ፓስታ ቀቀልኩት። አጠለልኩና የስምንቱንም ሰው ድርሻ አንድ መጥበሻ ላይ ከመርኩት። ቀላ ያለ ሆኖ ስለማየው ኬቻፕ ጨመርኩ። ጎምዛዛውን በሎሚ ተካሁት። ሳማስለው ተያያዘ። ሲያያዝ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ውሃው ሲገባ ላቆጠ። ሳህን ላይ ሳወጣው አንደኛው ጓደኛዬ ዝም ብሎ አየት አደረገውና «ቅቤና በርበሬውስ?» አለኝ።

በማግስቱ ለፒ ነገርኳት። አልሳቀችም። ደረቁን የሩዝ ኑድል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አደረገች፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላችበትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። (በዱባይ በጋ ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ማግኘት ራሱ ሌላ ታሪክ ነው።) 40 ደቂቃ ያህል ቆይታ መጣችና አንዷን ክር መዘዘች። ሌባ ጣቷ ላይ ጠመጠመቻት። አልተሰበረችም። ቀጥላ ነክሳ የተቆረጠውን ጫፍ አሳየችኝ። መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ አለ፤ ገና ጥሬ ነው። «ኦኬ» አለችኝ። ትምህርቱ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓስታን ጠንከር አድርጎ የሚይዘው የስንዴው ግሉተን ነው። ሩዝ ያ የለውም። ስታርቹ ሙቅ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲያልፍበት ይፈርሳል። ቀቅላችሁት መጥበሻ ላይ ስትጨምሩት ሁለት ጊዜ እያበሰላችሁት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ያለሰልሰዋል እንጂ አያበስለውም። የሚበስለው መጥበሻው ላይ፣ ሶሱን እየጠጣ ነው። ጣዕሙ ውስጡ ድረስ የሚገባውም ለዚሁ ነው።

እኛ ያደግነው ወጥ ላይ ነው። ወጥ ትዕግሥት የሚፈልገው እሳት ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ሽንኩርቱን ቁጭ ብላችሁ ታቁላላላችሁ። ሲይዝ ውሃ ጠብ ታደርጉለታላችሁ። ቢቀጥን ይንተከተካል፣ ቢወፍር ይቀጥናል። መሃል ላይ ስልክ ይነሳል፣ ያለቀ ቅመም ከጎረቤት ይመጣል። ወጥ ይጠብቃችኋል። ፓድ ታይ አይጠብቅም። እሳት ላይ የሚቆየው አራት አምስት ደቂቃ ነው። ትዕግሥታችሁን ጨርሳችሁ መምጣት ያለባችሁ ከዚያ በፊት ነው። ምድጃው ተለኩሶ ነጭ ሽንኩርት የምትልጡ ከሆነ፣ በቃ፣ ገንፎ።

ፒ መጀመሪያ ሁሉንም በየጎድጓዳው ታዘጋጅና ከመጥበሻው በስተቀኝ በሚገቡበት ተራ ትደረድራለች። እንቁላሉ አራተኛ ከሆነ አራተኛ ነው የሚቀመጠው። ዓይኗ መጥበሻው ላይ ሆኖ እጇ ብቻ ይሄዳል። እኔ መጀመሪያ ላይ ይሄን የሆቴል ወግ አድርጌ ነበር የማየው። ቤቴ ሁለት ሳህን ለማብሰል ምን ሰልፍ ያስፈልገኛል ብዬ። አሁን ለብቻዬ ስሠራም እደረድራለሁ።

ወደ ሶሱ ልምጣ፤ ዋናው ሽኩቻ እዚያ ነው። ሦስት ነገር ነው፦ ጎምዛዛ፣ ጣፋጭ፣ ጨዋማ።

ጎምዛዛው ታማሪንድ ነው። ሐረርና ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሁመር ወይም ሮቃ ብሎ ያውቀዋል። ዓረብ አገር የሠራችሁ በረመዳን «ተምር ሂንዲ» ሲባል ሰምታችኋል። «የህንድ ቴምር» ማለት ነው። ስሙ ወደ ሕንድ ይሂድ እንጂ የዛፉ መነሻ አፍሪካ ነው። ታይላንዶች «ማካም» ይሉታል። ያንን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የሄደ ነገር በእኛ ቆላም ይበቅላል፤ እኛ ደግሞ በሎሚ ልንተካው እንታገላለን። ሎሚ አይተካውም። እሳት ላይ ሲቆይ መዓዛው ይጠፋል፣ መረር ይላል። ሎሚ መጨረሻ ላይ ከላይ የሚጨመቅ ነው። ሁመሩን በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ፣ በእጃችሁ አሽታችሁ፣ ፍሬና ጭረቱን በወንፊት አስቀሩ። ከእርጎ ቀጠን ያለ ሆኖ ይወጣል።

ጨዋማው «ናም ፕላ» ነው። ዓሣና ጨው ለብዙ ወራት ተብላልቶ የሚወጣ ፈሳሽ። ጠርሙሱን ስትከፍቱ ሽታው ያስደነግጣችኋል። አትሽሹ። የበሰለ ቅቤያችንን ለማያውቅ ሰው አሽትቱትና ፊቱን እዩ፤ እናንተም አሁን ያው ናችሁ። ሙቀት ሲነካው ሽታው ይለዝብና ጣዕሙ ይቀራል።

ጣፋጩ የዘንባባ ስኳር ነው። ካጣችሁ ቡናማ ስኳር አያሳፍርም።

ልኩን ለሁለት ሰው ልንገራችሁ። ለ200 ግራም ደረቅ ኑድል 4 የሾርባ ማንኪያ የሁመር ጭማቂ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ናም ፕላ፣ 50 ግራም ያህል ስኳር። ስኳሩ እስኪሟሟ ለስለስ ባለ እሳት አሙቁና አውርዱ። ከዚያ ቅመሱ። ፒ ቀኑን ሙሉ የምትጮህብን ቃል ይሄው ነበር፦ «ቺም! ቺም!» ቅመስ ማለት ነው። የአንዱ ሁመር ከሌላው ይጎመዝዛል፣ የአንዱ ጠርሙስ ከሌላው ጨው ይበዛዋል። እኔ የጻፍኩት ልክ መነሻ ብቻ ነው። ብቻውን ስትቀምሱት ፊት የሚያስጨፈግግ መሆን አለበት። ለብቻው የሚጣፍጥ ሶስ ኑድሉ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል።

በቆልቱን አትግዙት፣ አብቅሉት። ማሾ ገበያ ላይ አለ። አንድ እፍኝ ለቅማችሁ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉ። ውሃውን አፍሳችሁ እርጥብ ጨርቅ አልብሱትና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። ጠዋትና ማታ ታጠቡታላችሁ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ነጭ ጭራ አውጥቶ ይጠብቃችኋል። ለስቅለት የባቄላ በቆልት ስታዘጋጅ እናቱን ያየ ሰው ይሄን ማንም ሊያስተምረው አይገባም።

መጥበሻውስ? የቻይናው ጎድጓዳ ብረት ካገኛችሁ ጥሩ። እንደ ምጣድ ይሟሻል፤ ካልተሟሸ ይይዛል። ካላገኛችሁ ወፈር ያለ የብረት መጥበሻ ይበቃል። የማይዝ ተብሎ የሚሸጠውን ሽፋን ያለውን ግን ለዚህ ሥራ እተወዋለሁ። ኃይለኛ እሳት አይወድም።

አሁን እሳቱን ለኩሱ። ዘይቱ ጭስ ሊል ሲል ደቀቅ ያለ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይገባል። ወዲያው ይሸታል። ሳይጠቁር በስሱ የተከተፈው ዶሮ ወይም ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ነገር) ይከተላል። ቀለም ሲይዝ ኑድሉን አጠንፍፋችሁ ጨምሩ፣ ሶሱንም ከላዩ። እዚህ ጋ ድምፁን ስሙ። መጀመሪያ ይጮሃል፣ ከዚያ ይንተከተካል፣ ከዚያ እንደገና ደረቅ ጩኸት ይጮሃል። ያ ሁለተኛው ጩኸት ሶሱ ተጠጥቶ አለቀ ማለት ነው። አንዷን ክር ቅመሱ። ገና ከሆነች ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉ። ዱባይ የለመድኩት ልክ አዲስ አበባ ስመጣ መሃሉን ጥሬ እያስቀረ አስቸግሮኝ ነበር። ከፍታው ነው፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ትንሽ ውሃና ትንሽ ጊዜ ጨምሩ። ሲበስል ኑድሉን ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ እንቁላሉን ባዶው ቦታ ላይ ስበሩ። ረጋ ሲል ቆራርሳችሁ ቀላቅሉት። በቆልትና የሽንኩርት ቅጠል ገብቶ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ይወርዳል። የተፈጨ ሳይሆን የተከካ ለውዝ ከላዩ፣ ሎሚ ከጎኑ።

ኑድሉን ወደ ላይ መወርወር አይጠበቅባችሁም። ያ ለካሜራ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ አንድ ሳህን አንድ ጊዜ። ቢበዛ ሁለት። ጥብስ ሲሠራ አይታችሁ የለ? ሥጋው መጥበሻውን ሲያጨናንቀው ውሃ ያወጣና ቅቅል ይሆናል። ይሄም ያው ነው። የቤት ቡታጋዝ የባንኮክ መንገድ ዳር ምድጃ አቅም የለውም። ስድስት እንግዳ ካላችሁ ስድስት ጊዜ ሥሩ፤ ሁሉ ነገር ከተደረደረ ግማሽ ሰዓት ነው። ወይም እንግዳውን ወደ ሽሮ አዙሩት። ሽሮ ለብዙ ሰው የተፈጠረ ነው።

«ግን ትክክለኛው የቱ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። የደረቀ ሽሪምፕ የግድ ነው ይባላል። ታይላንድ ውስጥ ይገባበታል፣ እውነት ነው። እኛ ጋ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላው ብዙ ሰው ነው። ተዉት፣ ዶሮ አድርጉ። በጾም ወቅት እንቁላሉን አስቀርታችሁ በናም ፕላው ፈንታ አኩሪ አተር ሶስ አድርጉ፤ ቶፉ ይበቃል። ታይላንዶችም «ጄ» የሚሉት ጾም አላቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ይከለከላሉ፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይነኩም። ቢጫ ባንዲራ የተሰቀለበት ቤት የጾም ምግብ አለው ማለት ነው። ፒ የነገረችኝ ቀን «እኛም እኮ!» ብዬ ጮህኩባት።

ደግሞም እንደ ጥንት ቅርስ አትፍሩት። ፓድ ታይ ከአባቴ በዕድሜ ያንሳል። አገሪቱ ሲያም ትባል የነበረች ናት። ታይላንድ የተባለችው በ1939 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ሚኒስትር ፒቡንሶንግክራም ዘመን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩዝ ተወደደ፣ መንግሥትም ሕዝቡን ኑድል ብሉ እያለ ይቀሰቅስ ነበር። ይሄ ምግብ የተስፋፋው ያኔ ነው። ኑድሉም፣ በመጥበሻ አገላብጦ መጥበሱም ከቻይና የመጣ ነው። ሁመሩ፣ የዘንባባ ስኳሩና ናም ፕላው የእነሱ እጅ ነው። ቀጭኑን ኑድል የሚጠሩት ቻንታቡሪ በምትባል ክፍለ ሀገር ስም ነው። ገበታው ላይ ስኳር፣ የተፈጨ ሚጥሚጣ፣ ናም ፕላና ቃሪያ የገባበት ኮምጣጤ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ በልኩ ያስተካክላል። ጣዕሙ ሳህን ላይም ይታረማል። የላቆጠ ኑድል ግን የትም አይታረም።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ ደወለ። ዘፍዝፏል፣ ጣቱ ላይ ጠምጥሟል፣ ሁሉን ደርድሯል። ሶሱን ሲቀምስ ፊቱ ተጨፍግጓል። በስልክ ሆኜ የመጀመሪያውን ጩኸት ሰማሁ። ቀጥሎ መንተክተኩን። ከዚያ ዝም አለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሲሊንደሩ አለቀ።»

ለካ ሲሊንደሩን ቀድማችሁ ነቅንቁት ማለቱን ለእሱም ረስቼዋለሁ።