ከጉልበት ካርቲሌጅ እስከ ሕንፃ መሠረት

ጥያቄ፦ በሒሳብ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። አማካሪዬ ቴሲሴን በመገጣጠሚያ ካርቲሌጅ የንክኪ ሞዴል ላይ እንድሠራ ነገረኝ። ባዮሎጂ ብዙም አላውቅም። ደግሞስ በዚህ ማን ይቀጥረኛል? (ከባሕር ዳር)

እህቴ፣ እኔ ብሆን ርዕሱን አልለቀውም። ውስጡ ያለው ሒሳብ ብዙ በር ይከፍታል።

ካርቲሌጅ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍን ስስ ንጣፍ ነው፤ ጉልበት ላይ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄርትዝ በ1882 እ.ኤ.አ. ሁለት አካላት ሲጫኑ ንክኪያቸው ምን ያህል እንደሚሰፋ አስልቷል። እሱ ግን ንክኪው ከአካላቱ አንጻር በጣም ትንሽ ነው ብሎ ነው የተነሣው። እዚህ ንክኪው ከንጣፉ ውፍረት ይበልጣል። በዚያ ላይ አብዛኛው ካርቲሌጅ ውሃ ነው። ስትቆሚ መጀመሪያ ጫናውን በብዛት የሚሸከመው ይህ ውሃ ነው፤ የካርቲሌጁ ቀዳዳዎች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ቶሎ አያመልጥም። ቀስ እያለ ሲወጣ ሸክሙ ወደ ጠጣሩ ክፍል ይዞራል፣ ሰበቃም ይጨምራል። የባዮሜካኒክስ ተመራማሪው ቫን ሞው እና ባልደረቦቹ በ1980 እ.ኤ.አ. ጠጣሩንና ፈሳሹን አጣምረው ሞዴል አደረጉት።

ሥራውን በተመለከተ፣ «የካርቲሌጅ ሞዴል ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። ነገር ግን እርጥብ ሸክላ አፈር በሕንፃ ክብደት ውሃው እየወጣ ሲሰምጥ የሚጻፈው ሒሳብ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። የአፈር ሜካኒክስ ተመራማሪዎቹ ቴርዛጊ በ1925 እ.ኤ.አ.፣ ቢዮ በ1941 እ.ኤ.አ. የሠሩት እሱን ነው። ስለዚህ የመሠረት ጥናትም፣ የከርሰ ምድር ውሃም፣ የባዮሜዲካል ምህንድስና ትምህርት ክፍሎችም ያንቺ ሰፈር ናቸው።

ባዮሎጂው አያስፈራሽ፤ ለቴሲሱ የሚበቃሽን እያነበብሽ ትደርሺበታለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ሥራሽ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ነው። ከአማካሪሽ ጋር ከአሁኑ ተነጋገሪና የኮምፒውተር ስሌት ይካተትበት። ፌብዮ የሚባል ለዚሁ የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር አለ።

ከመወሰንሽ በፊት ግን ይህን ሞክሪ። ካርቲሌጁ ከጎን ታጥሮ ከላይ ብቻ ውሃ በሚያሳልፍ ነገር ሲጫን፣ የሚጨመቀውም በጥቂቱ ከሆነ፣ ቀመሩ የምታውቂው የሙቀት ስርጭት ኢኩዌሽን ይሆናል። በፓይተን ጻፊው። ውፍረቱን እጥፍ አድርጊው፤ ውሃው ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ካልሆነ ኮድሽን ፈትሺ። ይህን ስትሠሪ ሰዓቱ ሳይታወቅሽ ካለፈ ለአማካሪሽ እሺ በይው፣ ኮዱንም ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ-ገጽ ላይ አስቀምጪው፤ ቀጣሪ ሲጠይቅሽ የምታሳዪው ይኖርሻል። ከሰለቸሽ ግን ሳትፈሪ ሌላ ርዕስ ጠይቂ፤ ቴሲስ ረጅም መንገድ ነው።