የቤዝመንት ተከራይ ኪራይ ሲያቆም፦ ቁልፉን እንዳትቀይሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የዛን ጊዜ ጭንቀት ነው የመጣብኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤትሽ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ላይ ያለው ተከራይ ሦስት ወር አልከፈለም፤ ሥራ ሲሄድ ቁልፉን ቀይሬ ዕቃውን ላውጣው ወይ ብለሻል። "መብራቱን አጥፊበት፣ ራሱ ይወጣል" ያሉሽም አሉ። እባክሽ አንዱንም አታድርጊ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃ ማውጣት፣ መብራት፣ ውኃ ወይም ማሞቂያ መቁረጥ ክልክል ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ከሳሽ ሆኖ ይመጣብሻል። ዳኛው ወደ ቤቱ ሊመልሰው፣ ኪሳራውንና የጠበቃውን ወጪም አንቺን ሊያስከፍልሽ ይችላል።

እኔ ቁልፍ አልነካሁም፤ ጥፋቴ ሌላ ነበር። ተከራዬ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሰዎች ያመጡልኝ ያገር ልጅ ነው። ውላችን የቃል፣ ኪራዩም እጅ በእጅ፣ ደረሰኝ የሚባል የለም። መክፈል ሲያቆም አራት ወር ታገስኩት፤ ሞርጌጁን (የቤቱን የባንክ ዕዳ) በኦቨርታይም ነው የሸፈንኩት። በመጨረሻ ከሰስኩ። ሮክቪል ያለው ፍርድ ቤት ቀርቤ ስሜ ተጠራ። ዳኛዋ ስለ ገንዘቡ ምንም ሳትጠይቀኝ ፎርሙን አየችና "የኪራይ ላይሰንስ (የማከራያ ፈቃድ) ቁጥርህ የት አለ?" አለችኝ። ቦታው ባዶ ነበር። የገዛ ቤቴን ቤዝመንት ለማከራየት የካውንቲ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አላውቅም ነበር። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ አስተርጓሚው ዝቅ ባለ ድምፅ መዝገቡ መዘጋቱን ነገረኝ። የባንክ ወረቀቶቼን እንዳቀፍኩ ወጣሁ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው፤ ላይሰንስ አለሽ? ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ የራሱ መግቢያና ወጥ ቤት ያለው ቤዝመንት ያለ ላይሰንስ አይከራይም። ላይሰንስ ባልነበረሽ ጊዜ የተጠራቀመውን ኪራይ ደግሞ በክስ አታገኚውም፤ የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2022 እንዲህ ብሎ ወስኗል። መራራ ነው፣ ግን ዳኛ ፊት ከምትሰሚው አሁን ብታውቂው ይሻላል።

የእኔን ላይሰንስ ያዘገየው የመኝታ ክፍሉ መስኮት ነው። እሳት ቢነሳ ሰው አይወጣበትም ተባልኩ። ወጪውን ሳስብ ተናድጄ ነበር። ግድግዳው ተቆርጦ ሰፊው መስኮት ሲገባ ግን፣ ያ ልጅ እዚያ ውስጥ ስንት ሌሊት እንዳደረ አስቤ ደነገጥኩ።

ላይሰንሱ ካለሽ መንገዱ ግልጽ ነው። በፍርድ ቤቱ ፎርም የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጪዋለሽ፤ ቀኑ አልፎ ካልከፈለ ትከሺዋለሽ። ቢፈረድልሽም የሚያስወጣው ሸሪፍ (የካውንቲው ሕግ አስከባሪ) ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ሸሪፉ እስኪመጣ ድረስ ዕዳውን በሙሉ ከከፈለ አይወጣም፤ ባለፉት 12 ወራት በኪራይ ዕዳ ሦስት ጊዜ ተፈርዶበት ከሆነ ግን ይህ መብት ይቀርበታል። የምትፈልጊው ቤቱን ከሆነና ውላችሁ በወር በወር ከሆነ ደግሞ የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ ማስለቀቅ ይቻላል፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ መንገድ ነው። በፍርድ ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ነውና ቀደም ብለሽ ጠይቂ። እንግሊዝኛ ብትችዪም ጠይቂ፣ የፍርድ ቤት ቋንቋ ሌላ ነው። ዲፖዚት (መያዣ ገንዘብ) ይዘሽ ከሆነም ሲወጣ ዝም ብለሽ አታስቀሪበት። የቀነስሽውን በጽሑፍ ዘርዝረሽ በ45 ቀን ውስጥ ካላሳወቅሽው እስከ ሦስት እጥፍ ልትከፍዪ ትችያለሽ።

የእኔ ጉዳይ ያለቀው በሽማግሌ ነው። ላይሰንሱን አግኝቼ የ60 ቀኑን ማስታወቂያ ከሰጠሁት በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት አባቶች ሳሎኔ ተቀመጡ። ልጁ ከሥራ ተቀንሶ ኖሯል፤ አፍሮ ነው እንጂ ሊበላኝ አልነበረም። እኔ ያለፈውን ኪራይ ተውኩለት፣ እሱ በቀኑ ሊወጣ ተስማማ። አንደኛው ሽማግሌ "ቃሉ ይበቃል" ሲሉ እኔ ግን እምቢ አልኩ። በወረቀት ጽፈን፣ ቀን አድርገን፣ ሁለታችንም ፈረምን። ከቀኑ ዘጠኝ ቀን ቀድሞ ወጣ፤ ቁልፉን በፖስታ አድርጎ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትቶልኝ።

አንቺም ሽማግሌ ላኪ፣ ግን ማስጠንቀቂያውን ሳታቋርጪ። የሰጠሽውን ወረቀት ሁሉ ፎቶ አንሺ። የላይሰንሱን ነገር እዚሁ መልሺልኝ፤ ካለሽ ቅዳሜ ፎርሙን አብረን እንሞላዋለን።