የመንገድ ፕሮጀክት ክሌም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሥራዬ የመንገድ ፕሮጀክቶች ውል አስተዳደር ነው። ስለ ክሌም፣ ማለትም ተቋራጭ በውሉ መሠረት ስለሚያነሣው የተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ ጥያቄ፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ። ፊዲክን (ዓለም አቀፉን መደበኛ የግንባታ ውል) ስጠቅስ እዚህ አገር በብዛት የምናያቸውን የ1987 እና የ1999 (እ.ኤ.አ.) እትሞች ማለቴ ነው። የእናንተ ውል ልዩ ሁኔታዎች ቀናቱን ቀይረውት ሊሆን ስለሚችል ውሉን አጠገባችሁ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ወሰን (መንገዱ የሚያልፍበት መሬት) አልተለቀቀልንም፣ ማሽን ቆሟል። ሥራ አስኪያጃችን ግን "አሁን ደብዳቤ ብንጽፍ አሠሪው ይቀየመናል፤ መጨረሻ ላይ እንጠይቃለን" ይላል። ያዋጣል?

አያዋጣም። ብዙ ተቋራጭ የሚከስረው በዚህ ይሉኝታ ነው። በሁለቱም እትሞች ክሌም እንዳላችሁ የምታሳውቁት በ28 ቀን ውስጥ ነው። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ምን ተፈጠረ፣ መቼ፣ በየትኛው አንቀጽ ትጠይቃላችሁ። ስሌቱ በኋላ ይደርሳል።

ከደብዳቤው እኩል የሚያስፈልገው የዕለት መዝገብ ነው። "ወሰን ባለመከበሩ ሥራ ቆሟል" ብቻ ብትሉ ማስረጃ አይሆንም። ለምሳሌ እንዲህ ጻፉ፦ "ከ12+300 (ኪሎ ሜትር 12 ከ300 ሜትር) እስከ 12+850 በግራ በኩል 3 ቤትና 2 የመብራት ምሰሶ አልተነሡም። 1 ዶዘርና 1 ሮለር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ቆመዋል። ከ12+850 ወዲያም ወሰኑ ስላልተለቀቀ ማዛወር አልተቻለም።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። መሐንዲሱ (ውሉን ለአሠሪው የሚያስተዳድረው አማካሪ) መጀመሪያ የሚያነሣው "ማሽኑን ለምን ሌላ ቦታ አላሠራችሁትም?" የሚለውን ነው። በዚያው ዕለት የአማካሪውን ሰው አስፈርሙ፤ ፎቶም አንሡ።

ጥያቄ፦ 28 ቀኑ አልፎናል። በቃ ቀረ ማለት ነው?

እንደ እትሙ ነው። በ1999ኙ አንቀጽ 20.1 ጊዜውም ገንዘቡም ይቀርባችኋል፤ ጠንካራ አንቀጽ ነው። በ1987ቱ ግን አንቀጽ 53.4 በር ይተዋል። ማሳወቂያው ቢያልፍም በወቅቱ በተያዘ መዝገብ የተረጋገጠው ያህል ሊከፈላችሁ ይችላል። መዝገብ ከሌለ ግን በሩ ቢከፈትም የምታስገቡት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ለቆመ ማሽን ሙሉ የኪራይ ዋጋ እንጠይቅ?

አትጠይቁ። የቆመ ማሽን ነዳጅ አይጠጣም፣ ጎማ አይበላም። የእርጅና ቅናሽ፣ የኦፕሬተር ደመወዝ፣ የጥበቃና መሰል ወጪ ያስኬዳል። የተጋነነ ቁጥር እውነተኛውንም ጥያቄ ያስጠረጥራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጊዜ ማራዘሚያ ሁልጊዜ ገንዘብ ይዞ አይመጣም። አሠሪው ወሰን ሳያስረክብ ሲቀር ጊዜም ወጪም ይገባችኋል። ከተለመደው ውጭ የሆነ ዝናብ ግን የሚሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ማንም የሚያውቀው ነው፤ ስትጫረቱ በፕሮግራማችሁ ውስጥ መግባት ነበረበት። "ዘንድሮ በዛ" ካላችሁ የብዙ ዓመት የሜትዎሮሎጂ መረጃ አያይዙ።

ጥያቄ፦ መሐንዲሱ ክሌማችንን ውድቅ አደረገው። ደጋግመን ብንጽፍም መልሱ ያው ነው።

መጻጻፉን አቁሙና ወደ ቀጣዩ ደረጃ ሂዱ። በ1987ቱ ጉዳዩን በአንቀጽ 67.1 ለመሐንዲሱ ውሳኔ ትመሩታላችሁ። ደብዳቤው "በዚህ አንቀጽ መሠረት" ብሎ በግልጽ ካልጠቀሰ እንደ ተራ ተቃውሞ ይታያል። መሐንዲሱ 84 ቀን አለው። ካልተስማማችሁ ወይም ዝም ካለ በ70 ቀን ውስጥ ወደ ግልግል ዳኝነት እንደምትሄዱ አሳውቁ፤ አለዚያ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል። ካሳወቃችሁ በኋላ ግልግሉ ሳይጀመር 56 ቀን የስምምነት ጊዜ አለ።

በ1999ኙ ክርክሩን በ84 ቀን የሚወስነው የአለመግባባት ዳኝነት ቦርድ ነው፤ ቅሬታ ካላችሁ በ28 ቀን ታሳውቃላችሁ። እንደኔ ቦርዱን ሥራው ሲጀመር አቋቁሙት። ከተጣላችሁ በኋላ በአባላት መስማማት ራሱ ሌላ ክርክር ነው።

ጥያቄ፦ ከመንግሥት ጋር የተገባ የመንገድ ውል በግልግል ዳኝነት ይታያል?

ሳትፈርሙ በፊት ጠበቃ አማክሩበት። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 315(2) የአስተዳደር ውል (የመንግሥት አካል ለሕዝብ አገልግሎት የሚገባው ውል) በግልግል እንዳይታይ ይከለክል ነበር፤ በዚህ ለዓመታት ተከራክረናል። አዋጅ 1237/2013ም በሕግ ካልተፈቀደ በቀር የአስተዳደር ውልን ከግልግል ያወጣዋል። ስለዚህ "ውላችን ላይ አርቢትሬሽን ተጽፏል" ብላችሁ ብቻ አትተማመኑ። የሚፈቅደው ሕግ የቱ ነው? እሱን ለይታችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ እኔ በአሠሪው በኩል ነኝ። ክሌም ካጸደቅን ኦዲት ይጠይቀናል፤ ስለዚህ ውድቅ ማድረግ ይቀለናል።

ስጋትህ ይገባኛል፤ ፈርሞ መጠየቅ ቀላል አይደለም። ግን ውድቅ የተደረገ ክሌም አይጠፋም። ወለድ እየጨመረ፣ መንገዱ እየዘገየ፣ የዋጋ ማስተካከያው እያደገ ይመለሳል። የሚከፍለው ያው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ አቧራውን የሚበላውም መንገዱን የሚጠብቀው ገበሬ ነው። ኦዲተር ሲመጣ የሚያድንህ ምክንያቱ በአንቀጽና በመዝገብ የተጻፈ ውሳኔ ነው። ሙሉውን ማጽደቅ ካልቻልክ በማስረጃ የተደገፈውን ክፍል አጽድቅና በሚቀጥለው የክፍያ ሰርተፍኬት አስገባው። ሁለቱም እትሞች ይህን ይፈቅዳሉ፤ 1987ቱ አንቀጽ 53.5ን፣ 1999ኙ አንቀጽ 20.1ን ተመልከት።