የልጄን መዳፍ የሚያቃጥለው ሩማቲክ ነውን?

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከ9 ዓመቱ ጀምሮ መዳፉና የውስጥ እግሩ እንደ እሳት እንደሚያቃጥለው ይናገራል፤ ከሮጠ ወይም ትኩሳት ከያዘው ይብስበታል፤ ሙቀት ላይ ደግሞ አያልበውም። መጀመሪያ የእድገት ሕመም ነው ተባልን፤ ቀጥሎ ሩማቲክ ነው ተብሎ በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ አሁን ደግሞ ከትምህርት ቤት ለመቅረት ያመካኝ ይሆናል አሉን። ወንድሜ በ38 ዓመቱ በኩላሊት ሕመም አርፏል። ይገናኝ ይሆን?
የልጁ እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል። ልጅዎን ሳልመረምር በሽታውን መሰየም አልችልም፤ ሆኖም የጻፏቸው ምልክቶች ፋብሪ የሚባለውን፣ እምብዛም የማያጋጥም የዘር በሽታ እንድጠረጥር ያደርጉኛል። በዚህ በሽታ አልፋ ጋላክቶሲዴዝ ኤ የተባለው ኢንዛይም ስለሚጎድል፣ መወገድ የነበረበት ስብ በደም ሥሮች፣ በነርቮች፣ በኩላሊትና በልብ ውስጥ ይጠራቀማል።

ሩማቲክ መባሉ አያስገርምም። ሩማቲክ በአገራችን ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ በፋብሪም ሕመሙ ሲነሣ ትኩሳት ሊኖርና በደም ምርመራ የብግነት ምልክት ሊታይ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ከሥቃዩ ቦታና ጠባይ ላይ ነው፤ ሩማቲክ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን የመሳሰሉ ትልልቅ መገጣጠሚያዎችን እያሳበጠ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል እንጂ መዳፍን አያቃጥልም፣ ላብንም አያስቀርም። እንዲህም ሆኖ መርፌውን ሐኪሙ ሳያዝ አያቋርጡ፤ ምርመራው በእርግጥ ሩማቲክ ከነበረ ልቡን የሚጠብቅለት እርሱ ነውና።

ከእምብርቱ እስከ ጭኑ ባለው ቆዳ ላይ የማያሳክኩ፣ ጠቆር ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች እንዳሉ ይመልከቱለት። ፋብሪና አንደርሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1898 እ.ኤ.አ. በሽታውን በየፊናቸው የገለጹት ከእነዚሁ ነጠብጣቦች ተነሥተው ነበር፤ የ14 ዓመት ልጅ ግን ይህን የሰውነቱን ክፍል ለማንም አያሳይም፣ ሐኪሙም ልብሱን ሳያስወልቅ ይሸኘዋል። የዓይን ሐኪምም በመሣሪያ ቢያየው፣ ማየትን የማይከለክሉ ጠምዛዛ መስመሮች በብሌኑ ፊት ሊያገኝ ይችላል። በወንድ ልጅ ማረጋገጫው የኢንዛይም ምርመራ ነው፤ በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ስለሚበቃ ናሙናውን ወደ ውጭ አገር መላክ ይቻላል።

ጉድለቱ የሚተላለፈው ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ፣ ሴት ልጅ ደግሞ ከሁለቱም ወላጆቿ በምትወርሰው ኤክስ ክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚ ክር) ስለሆነ፣ ልጅዎ ካለበት ያገኘው ከአባቱ ሳይሆን ከእርስዎ ነው። ወንድምዎም በዚሁ ሕመም አርፈው ከሆነ ሴቶች ልጆቻቸው ሁሉ ወርሰውታል፣ ወንዶቹ ግን አልወረሱም። ሴቶች ተሸካሚ ብቻ ሆነው አይቀሩም፣ ሊታመሙም ይችላሉ፤ ኢንዛይማቸው ጤናማ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ለእርስዎም ለእነርሱም የሚያስፈልገው የዘረ መል ምርመራ ነው።

የጎደለውን ኢንዛይም በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር የሚተካ መድኃኒት አለ፤ ዋጋው እጅግ ውድ ነው። የምርመራው ውጤት እስኪታወቅ ድረስ የልጁ ሽንት ለፕሮቲን ይታይለት፣ ልቡም በአልትራሳውንድ ይመርመርለት፤ ለማቃጠሉ ከነርቭ ሐኪም ጋር ይመካከሩ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይስጡት።