የተፈረደበትን ስፖርተኛ እያነሡ መከራከር ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰበካችን ልጆች ጋር ተሰባስበን የኮሌጅ ፉትቦል (የአሜሪካኑን) እናያለን፤ ከመካከላችን ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የተማሩም አሉ። በቅርቡ የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የነበረው፣ ኋላ ውሾችን በማዋጋት የታሰረው የማይክል ቪክ ስም ተነሣና ክርክር ሆነ። አንዱ «ታስሮ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ማንም ሊያነሣበት አይገባም» አለ። ሌላው «ወንጀለኛ ምንጊዜም ወንጀለኛ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሊያከብረው፣ ኮሌጅም ወጣቶችን አሠልጥን ብሎ ሊሰጠው አይገባም ነበር» አለ። ሦስተኛው «ለውሻ ተብሎ ሰው ይታሰራል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋቾች ፖሊስ ሲይዛቸው የተነሡትን ፎቶ በቴሌግራም መላላክ ተጀመረ፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ተኮራረፉ። እንዲህ ያለው ወሬ ሐሜት ነው? ይቅር ማለት ጥፋቱን አለማንሣት ነው? የተኮራረፉት ወንድሞችስ ሳይታረቁ መቍረብ ይችላሉ?

መልስ፦ የእግዚአብሔር ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን፣ ወንድማችን። ከሁሉ በፊት የተከራከራችሁበትን ነገር እናጥራ። ያላጣራነውን ስናወራ ሐሜት ብቻ አይደለም፣ «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝም እንጥሳለን። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ መዝገቡ እንደዚያ ነውና።)

ማይክል ቪክ ቨርጂኒያ ቴክን በ1999ኙ የውድድር ዘመን እስከ ብሔራዊ ፍጻሜ ያደረሰ፣ በ2001 የባለሙያዎቹ ቡድኖች ከኮሌጅ አዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ በአትላንታ ፋልከንስ ከሁሉ አንደኛ ሆኖ የተመረጠ ተጫዋች ነው። የውሻ ማዋጋቱ ሥራ በፍርድ ቤቱ ሰነድ መሠረት የተጀመረው በ2001 ነው፤ ስለዚህ «ኮሌጅ እያለ ወንጀለኛ ነበር» የሚለው ወሬ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። በነሐሴ 2007 በፌዴራል ፍርድ ቤት በአንድ የማሴር ክስ ጥፋቱን አመነ። በፈረመው ቃል ውስጥ በውጊያ ደካማ የተባሉ ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ውሾች በገመድ በመሰቀልና ውኃ ውስጥ በመደፈቅ ሲገደሉ እጁ እንዳለበት ተጽፏል። በታኅሣሥ 2007 የ23 ወራት እስራት ተፈረደበት፤ ዐቃቤ ሕግ ከጠየቀውም በለጠ፣ ምክንያቱም ዳኛው ስለ ድርጊቱ እውነቱን ሙሉ በሙሉ አልተናገረም ብለው አምነው ነበር። በግንቦት 2009 ከካንሳስ እስር ቤት ወጥቶ የቀረውን ሁለት ወር በቤቱ ቁም እስር ጨረሰ። ከዚህ ሌላ በ2008 በቨርጂኒያ ግዛት ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ የሦስት ዓመት እስራት በገደብ ተወስኖበታል። ሁለት መዝገብ ነው ያለው፤ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ከሆነ የተከራከራችሁት፣ ሁለታችሁም ግማሹን ነበር የያዛችሁት።

«ለውሻ ተብሎ» ብሎ ለሳቀው ወንድም በግልጽ እናገራለሁ። ይህ አነጋገር በእኛ ሰው አፍ ላይ ቀላል ሆኗል፣ ከመጽሐፍ ግን አይገጥምም። «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል (ምሳ. 12፥10)። ውሻ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይገባም ማለት እንደ ፈለግን እናሠቃየው ማለት አይደለም። ለገንዘብ ውርርድ ሲባል ፍጥረትን እስኪሞት ማናከስ፣ የተሸነፈውን ደግሞ በውኃ መድፈቅ ልብን የሚያደነድን ጭካኔ ነው፤ የተፈረደውም ቅጣት እውነተኛ በደልን የተመለከተ ነበር። ይህን በሳቅ የሚያልፍ ሰው በደሉን ራሱን ማየት አቅቶታልና ስለ ይቅርታ ለመናገር ገና አልደረሰም።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልብ ልግባ። የደጋፊ ትልቁ ፈተና በማልያ ቀለም መፍረድ ነው። የእኛ ቡድን ልጅ ሲያጠፋ «ልጅ ነው፣ ተሳስቶ ነው፣ ተመቅኝተውት ነው» እንላለን፤ ያንኑ የተቀናቃኙ ሲሠራው «ድሮም እናውቀዋለን» እንላለን። ጠቢቡ ሁለቱንም ወገን በአንድ ቃል ይዟቸዋል፦ ኃጢአተኛውን የሚያጸድቅም በጻድቁ ላይ የሚፈርድም፣ ሁለቱ በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊዎች ናቸው (ምሳ. 17፥15)።

ሁለቱም በአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ውስጥ በዐይን ታይቷል። በ2006 በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሦስት የላክሮስ (መረብ ባለው ዱላ የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ) ተጫዋቾች በአስገድዶ መድፈር ተከሰሱ። ገና ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አገር ፈረደባቸው፤ የቡድኑ የዓመቱ ውድድር ተሰረዘ፣ አሠልጣኛቸው ሥራውን ለቀቀ። በሚያዝያ 2007 የሰሜን ካሮላይና ዋና ዐቃቤ ሕግ ክሱን በሙሉ ውድቅ አድርጎ ወጣቶቹ ንጹሐን መሆናቸውን በአደባባይ ተናገረ። ክሱን የያዘው የወረዳው ዐቃቤ ሕግ የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ። ከሳሿም በታኅሣሥ 2024 ውሸት እንደነበር በራሷ አንደበት ተናግራለች። በሌላ በኩል በ2016 አንድ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዋናተኛ ራሷን በማታውቅ ሴት ላይ በፈጸመው ጥቃት በዳኞች ጉባኤ በሦስት ከባድ ወንጀሎች ጥፋተኛ ተባለ። በዚያን ጊዜ ስለ ዋና ሰዓቱና ስለ ተስፋው ብዙ ተወራ፤ ስድስት ወር ተፈረደበት፣ ሦስቱን ታስሮ ወጣ። ሕዝቡ ተቆጥቶ በ2018 ዳኛውን በድምፁ ከወንበር አወረደ። በመጀመሪያው ጻድቅ ተፈረደበት፣ በሁለተኛው የተበደለችው ሴት እያለች የበደለኛው ችሎታ ተመዘነ። «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» የሚለው የጌታ ቃል (ዮሐ. 7፥24) ለሁለቱም ነው።

ራስህን መፈተን ከፈለግህ አንድ ነገር አድርግ። ልትናገር ያሰብከውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ያዝና ስሙን ብቻ ቀይር፤ የቨርጂኒያ ቴክን ተጫዋች አውጥተህ የተቀናቃኙን የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያን አግባበት። አፍህ ያንኑ ቃል ለመናገር ካመነታ፣ ስትናገር የነበረው ደጋፊው እንጂ ክርስቲያኑ አይደለም።

ፎቶ ስለ መላላክ። ፖሊስ ጣቢያ የተነሣ ፎቶ የሚያሳየው ሰውየው መያዙን ብቻ ነው። ከመያዝ እስከ መፈረድ ብዙ ደረጃ አለ፦ ክስ ይመሠረታል፤ ጉዳዩ ከባድ ከሆነ የመርማሪ ዳኞች ጉባኤ፣ ግራንድ ጁሪ የምትሉት፣ ያየዋል፤ እርሱም በአብዛኛው የሚሰማው የዐቃቤ ሕግን ወገን ብቻ ነው። «ወደ ፍርድ አስቀድሞ የገባ ጻድቅ ይመስላል፤ ባልንጀራው ግን መጥቶ ይመረምረዋል» ያለው ይህንኑ ነው (ምሳ. 18፥17)። በቨርጂኒያ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሊያነሣው ይችላል፤ የታችኛው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለው ሰውም በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብሎ ጉዳዩ ከእርሱ በላይ ባለው በሰርኪዩት ፍርድ ቤት ከሥሩ እንደ አዲስ ሊታይለት ይችላል። ሚስዲሚነር የሚባለው ቀላል ወንጀል ቢበዛ እስከ 12 ወር ያሳስራል፤ ፌሎኒ ከዚያ ይከብዳል። ሁለቱን ቀላቅሎ «ፌሎኒ አለበት» ማለት በሰው ላይ ያልሠራውን ወንጀል መጨመር ነው። የግዛቱን መዝገብ በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በስም መፈለግ ይቻላል፤ የፌዴራሉን ፔሰር በሚባለው ድረ ገጽ በየገጹ 10 ሳንቲም ከፍሎ ማንበብ ይቻላል። ነገር ግን ስመ ሞክሼ ብዙ ነው፤ የትውልድ ቀኑንና ከተማውን ሳታመሳክር ስም ስለገጠመ ብቻ «እሱ ነው» ብለህ ብትልክ፣ የአንድ ንጹሕ ሰው ስም በሃያ ስልክ ላይ ቆሽሾ ያድራል።

ጥፋቱን ያመነ ሁሉ አጥፍቷል ማለትም አይደለም። ብራያን ባንክስ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋች ሳለ፣ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊጫወት ተስፋ ተሰጥቶት እያለ ተከሰሰ። ተከራክሮ ቢሸነፍ ዕድሜ ልክ ሊደርስ የሚችል እስራት ስለሚጠብቀው ክሱን አልከራከርም ብሎ ፈረመ። አምስት ዓመት ያህል ታሰረ፤ ከሳሿ ሐሰት መሆኑን ከተናገረች በኋላ በ2012 ፍርዱ ተሻረ። ብዙ ጊዜ እንዲህ አይሆንም፣ አብዛኛው ፍርድ ጸንቶ ይኖራል፤ ግን የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ ምላስን ሊያዘገይ ይገባል።

ይቅርታ አለማንሣት ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። በየዕለቱ የምንጸልየውን 50ኛውን መዝሙር ግለጠው። «አቤቱ ማረኝ» ከማለቱ በፊት ከራስጌው የዳዊት ኃጢአት ከነ ቤርሳቤህ ስም ተጽፏል። የጴጥሮስ ክሕደት በሰሙነ ሕማማት ይነበባል። ሙሴ ጸሊም ሽፍታና ነፍሰ ገዳይ እንደነበር ሰኔ 24 በስንክሳሩ ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን ኃጢአቱን የምታነሣው የእግዚአብሔር ምሕረት እንዲታይ፣ ሰሚውም ተስፋ እንዲያገኝ ነው፤ ንስሐውን ቆርጣ ኃጢአቱን ብቻ አታወራም። እናንተም ስለ ቪክ ከተናገራችሁ ሙሉውን ተናገሩ። ከቤቱ ለተወሰዱት ውሾች እንክብካቤ 928,000 ዶላር ያህል እንዲከፍል ታዝዟል። ኪሳራ ባወጀ ጊዜ ዕዳውን ከማስሰረዝ ይልቅ ለዓመታት ከደመወዙ እየከፈለ ኖሯል። ከእስር ሲወጣ ከእንስሳት መብት ተሟጋቾች ጋር ሆኖ ወጣቶችን አስተምሯል፤ በ2011 የውሻ ውጊያ ተመልካቾችን ጭምር የሚቀጣ ሕግ እንዲወጣ በዋሽንግተን ቆሞ ተናግሯል። ልቡን መርማሪው እግዚአብሔር ነው። እኛ ከውጭ የምናየው ግን፣ ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ እንደተናገረ (ሉቃ. 19፥8)፣ ካሳ ንስሐን እንደሚከተል ነው።

ሁለተኛው ወንድም ያነሣው ደግሞ ሊናቅ አይገባም። ይቅር መባልና ኃላፊነት መቀበል አንድ አይደሉም። ቪክ በ2017 ወደ ቨርጂኒያ ቴክ የስፖርት የክብር መዝገብ ሲገባ የተቃውሞ ፊርማ ተሰባስቦ ነበር፤ በታኅሣሥ 2024 የኖርፎክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ ሲሆንም ሰዎች ተከራክረዋል። «ይህ ሰው ለዚህ ሥራ ይታመናል?» ብሎ መጠየቅ ሰውን መኰነን አይደለም። ሐዋርያው ለክህነት የሚመረጠው ነቀፋ የሌለበት፣ በውጭ ካሉትም መልካም ምስክር ያለው ይሁን ብሏል (1ጢሞ. 3፥2-7)። ሙሴ ጸሊም ቅስና ተቀብሏል፤ የተቀበለው ግን ከረጅም ተጋድሎና ፈተና በኋላ ነው። በየሰበካችሁም እንዲሁ አድርጉ፦ ሕፃናትን የበደለ ሰው ንስሐ ቢገባ ከቤተ ክርስቲያን አይባረርም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ግን አይሰጡትም። ከሕፃናት ጋር የሚያገለግለውን ሁሉ ያለ ልዩነት የወንጀል መዝገብ ማጣራት ጥበቃ ነው፤ ማንም ሊቀየምበት አይገባም።

ሐሜት የሚሆነው የት ላይ ነው? የታወቀ ፍርድን በልኩ መናገር ሐሜት አይደለም። ያልተፈረደውን እንደተፈረደ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ፣ ለመሳቂያ ወይም ተከራካሪን ለማሳፈር ሲነገር ግን ነው። በአስቄጥስ ገዳም አባቶች አንድ የበደለ መነኩሴ ላይ ሊፈርዱ ሲሰበሰቡ ሙሴ ጸሊም የሚያንጠባጥብ እንስራ ተሸክሞ መጣ፤ ምንድን ነው ቢሉት «ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔ አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ላይ ልፈርድ መጣሁ» አላቸው። ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት።

ፎቶ የላክህ ከሆነ ማጥፋቱ አይበቃም። በላክህበት በዚያው ቡድን ላይ «የላክሁት ያልተጣራ ነበር፤ ለሌላ ያስተላለፋችሁ ካላችሁ ለእነርሱም ንገሩልኝ» ብለህ ጻፍ። ከዚያ ለንስሐ አባትህ ተናዘዝ። «ሰው አማሁ» ብለህ አትለፈው፤ በማን ላይ፣ ምን ብለህ፣ ስንት ሰው ፊት እንደሆነ ንገራቸው፤ ስለ ጓደኞችህ ሐሜት ግን አታውራ፣ የተናዘዝከው ስለ ራስህ ነው። ቀኖናውን እርሳቸው ይሰጡሃል፤ በራስህ ጾምና ስግደት አትቈርጥ።

ስለ ቍርባኑ። የሚቆርብ ሰው 18 ሰዓት ይጾማል። እሑድ ጠዋት በ4 ሰዓት የሚቀበል ከሆነ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ እህልም ውኃም አይቀምስም ማለት ነው፤ የማታው ጨዋታ የሚታየው በምግብና በመጠጥ ከሆነ በዚያ ሳምንት አትገኙ። የተኮራረፉት ደግሞ ጌታ «መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» ያለውን (ማቴ. 5፥24) ሳይፈጽሙ አይቅረቡ። በቅዳሴው ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እጅ መነሣሣት እርቅ አይተካም። ሰኞና ማክሰኞ ሳያልፍ አንዱ ይደውል። «የተናገርኩህ ከልክ ያለፈ ነበር፣ ይቅር በለኝ» ይበል፤ «ግን አንተም» የሚል ቃል አይጨምር፣ የቪክን ነገርም በዚያ ስልክ ላይ መልሶ አያንሣ። ካላነሣለት አንድ ጊዜ መልእክት ይላክለት፤ ያም ካልሆነ የሁለቱንም የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይላክ። እርሱንም እምቢ ካለ፣ የፈለገው ወንድም ለንስሐ አባቱ ሁኔታውን ይንገር፤ ይቍረብ ወይም ይቆይ የሚሉት እርሳቸው ናቸው።