ፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ዲፕሎማት መሆን እችላለሁ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምሪያለሽ። ዲፕሎማት መሆን፣ በኋላም የትምህርት ሚኒስትር ሆነሽ ሥርዓተ ትምህርቱን ማስተካከል ትፈልጊያለሽ። ጓደኞችሽ ስቀውብሻል። «ሥራዬን ለቅቄ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርስ ልማር ወይ?» ብለሻል።

ይሳቁ ተያቸው። ይህን መንገድ የሄደ ሰው አለ፤ የጀመረውም እንዳንቺ ከፊዚክስ ነው። ሊባኖሳዊው ቻርልስ ማሊክ ቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ፊዚክስ ተማረ። በ1937 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ከሐርቫርድ በፍልስፍና ዶክትሬቱን ያዘ። ተመልሶም እዚያው ቤይሩት የፍልስፍና ትምህርት ክፍል አቋቁሞ ያስተምር ነበር። በ1943 ነጻ የወጣችው አገሩ በ1945 ፕሮፌሰሩን ከክፍል አውጥታ ዲፕሎማት አድርጋ ዋሽንግተን ላከችው። በዚያው ዓመት ሳንፍራንሲስኮ ላይ የተመድን ቻርተር ፈረመ። የኢትዮጵያ ልዑካንም እዚያው ነበሩ።

ረጋ ብለሽ እንድታዪልኝ የምፈልገው ግን የ1948ን የመጨረሻ ወራት ነው። ፓሪስ ላይ የዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ረቂቅ የቀረበለትን የተመድ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት የመራው ማሊክ ነው። ከ80 ጊዜ በላይ ተሰበሰቡ። ክርክሩ በእያንዳንዷ ቃል ላይ ነበር። አንቀጽ 1ን ብቻ እንይ። ረቂቁ የሰው ልጅ አእምሮና ሕሊና የተሰጠው «ከተፈጥሮ» ነው ይል ነበር። ብራዚል የለም፣ በእግዚአብሔር አምሳል መፈጠሩ ይግባ አለች። በስንት ጭቅጭቅ ሁለቱም ሳይገቡ ቀሩ። ያ ሁሉ ታልፎ በፈረንጅ ዲሴምበር 10 በተመድ ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ሲሰጥ 48 አገሮች ደገፉ፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ የለም። ከደገፉት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

የትምህርት ሚኒስትርነቱስ? ከ1956 እስከ 1957፣ ያውም ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ጋር ደርቦ። አለቀ። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በዚያ ወንበር አይመስለኝም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሚኒስትርነት ማስታወቂያ ወጥቶበት ሲቪ የሚያስገቡበት ሥራ አይደለም። በእኛ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። አምባሳደርም ቢሆን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብ በፕሬዝዳንቱ የሚሾም ነው። ስለዚህ ሹመትን አስበሽ ማስተርስ አትምረጪ። (ፖለቲካ ውስጥ ልግባ ካልሽ ደግሞ መጀመሪያ እናትሽን አማክሪ።) ታች ያለው በር፣ ከአታሼና ከሦስተኛ ጸሐፊ (ከዲፕሎማት የመጀመሪያ ማዕረጎች) የሚጀምረው፣ እሱ ግን ሥራ ነው። ለእሱ መዘጋጀት ይቻላል።

በእውነት የሚያንገበግብሽ ሥርዓተ ትምህርቱ ከሆነም ሚኒስትር እስክትሆኚ መጠበቅ የለብሽም። የመማሪያ መጽሐፍ ሲዘጋጅና ሲገመገም የሚፈለገው ክፍል ገብቶ ያስተማረ የፊዚክስ ሰው ነው። ያንን ትተሽ እንደ አዲስ ጀማሪ መሆን ኪሳራ ነው የሚመስለኝ።

አሁን ልትጀምሪው የምትችዪው ነገር አለ። በትምህርት ክፍላችሁ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ ማንም አይወድም አይደል? አንቺ ያዢው። ሁለት መምህራን ሲጣሉ የሁለቱንም ሐሳብ ሁለቱም ሳያጉረመርሙ በሚፈርሙበት ቃል ጻፊው። መጀመሪያ ላይ «እንዲህ አላልኩም» ይሉሻል። አስተካክለሽ መልሺላቸው። የዲፕሎማት የዕለት ሥራ በአብዛኛው ይኸው ነው። ቀልድ እንዳይመስልሽ።

ሁለተኛው ፈረንሳይኛ ነው። የአፍሪካ ኅብረትና የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ሁለቱም ቤት እንግሊዝኛ ብቻውን አይበቃም። ማሊክ ዓረብኛ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ነበረው። ዛሬ በስልክም ቢሆን መጀመር ይቻላል፤ ክረምት ላይ ግን አዲስ አበባ ወጥተሽ በመደበኛ ኮርስ ብትማሪ ይሻላል።

ማስተርሱን ከወደድሽው በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ተማሪው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቅጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ ተመዝገቢ፣ ተፈተኚ። ውጤቱ በእጅሽ ሳይገባ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዳታስገቢ።